ኢንተራፕት ትርፍ ሲቆጥር፣ ሳይቆጥር ሲቀር፣ ቦርዱን ሲያደርቅ (አርዱዊኖ ኡኖ)

ኢንተራፕት ማለት ፒኑ ላይ ምልክት ሲቀየር ቺፑ የያዘውን አቋርጦ አይኤስአር የሚባለውን የናንተን ትንሽ ፈንክሽን የሚሮጥበት ነው፤ እዚህ በሱ ነው ከስዊች ወይ ከሰንሰር የምንቆጥረው። ግራውንዱ የጋራ ነው፣ ኮዱም አፕሎድ ሆኗል ብዬ ነው የምጀምረው።

ጭራሽ አይቆጥርም፦ ኡኖ ላይ አታች ኢንተራፕት (ፒኑን ከአይኤስአሩ ጋር የሚያያይዘው ትዕዛዝ) የሚሰራው ፒን 2 እና 3 ላይ ብቻ ነው። ፒን 7 ላይ ሰክቶ "ቦርዱ ፌክ ነው" የሚል ሰው አያልቅም። ደግሞ የፒን 2 ኢንተራፕት ቁጥሩ 0 ነው፣ የፒን 3 ደግሞ 1፣ ስለዚህ 2 ብላችሁ አትጻፉ፣ ዲጂታል ፒን ቱ ኢንተራፕትን ተጠቀሙ።

ሉፕ ውስጥ ቁጥሩ አይቀየርም፦ ከቆጣሪው ቫሪያብል ፊት ቮላታይል (ሁሌ ከሜሞሪ አዲስ አንብበው የሚለው ቃል) ረስታችኋል። አልፎ አልፎ እብድ ቁጥር ከመጣ ግን ቺፑ 8 ቢት ስለሆነ ኢንቱን በሁለት ግማሽ ነው የሚያነበው፣ መሃል ላይ ኢንተራፕት ሲገባ ግማሹ የድሮ ግማሹ የአሁን ይሆናል። ኖ ኢንተራፕትስ (ኢንተራፕት አጥፉ)፣ ቁጥሩን ኮፒ፣ ከዛ ኢንተራፕትስ (መልሳችሁ አብሩ)።

ቦርዱ ድርቅ ይላል፦ አይኤስአር ውስጥ ዲሌይ አለ። ዲሌይ ሰዓቱን የሚያገኘው ከታይመር ኢንተራፕት ነው፣ እናንተ አይኤስአር ውስጥ እስካላችሁ ደግሞ ሌላ ኢንተራፕት አይገባም፣ በቃ የማይመጣ ነገር ይጠብቃል። ሲሪያል ፕሪንትም አታስገቡ። ኧረ አታስገቡ!

ኡኖ ሳይሆን ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ 8266 ቦርድ ሆኖ ገና ሲነሳ ክራሽ ካደረገ አይኤስአሩን አይራም (የቺፑ የውስጥ ራም) ላይ አስቀምጡት።

አሁን ሁሌ ወደሚመጣብኝ፦ አንዴ ተነክቶ አምስት ይቆጥራል፣ ወይ ማንም ሳይነካው ይቆጥራል። ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ስዊቹ ሲነካ ብቻ ከሆነ የብረቱ መንጠር ነው፣ ፓምፕ ወይ ሪሌይ ሲነሳ ከሆነ ኖይዝ ነው።

የመንጠሩ መድሃኒት አይኤስአር ውስጥ ሚሊስን (ቦርዱ ከተነሳ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነው) አንብቦ ካለፈው ቆጠራ ትንሽ ጊዜ ካላለፈ መመለስ ነው። ስንት ሚሊሰከንድ? ሁሉም ከኢንተርኔት 200 ኮፒ ያደርጋል። አንድ የብሎኬት ማሽን ላይ ሊሚት ስዊች ገጥመው ማሽኑ በንዝረት ብቻ እየቆጠረ ባለቤቱ ሰራተኛ ብሎኬት እየሰረቀብኝ ነው ብሎ ሊያባርር ደርሶ ነበር፣ እዛ 200 ምንም አልፈየደም፣ አንድ ዙር ብዙ ሰከንድ ስለሚፈጅ 2000 አድርገነው ጸጥ አለ። ያንኑ 200 የውሃ ፍሎው ሰንሰር ላይ ብታደርጉ ደግሞ ቆጠራውን ገደላችሁት፣ በሊትር 450 ፐልስ የሚሰጠው ርካሹ ሰንሰር በደቂቃ 30 ሊትር ሲፈስ በሰከንድ 225 ፐልስ ነው የሚልከው። የምትቆጥሩትን ነገር ፍጥነት ሳታውቁ ቁጥር አትጻፉ።

ኖይዙ ይባስ ነው። አንዱ ቧንቧው ተዘግቶ ሊትር ይጨምራል ብሎ ሰንሰሩንም ቦርዱንም ቀይሮ ነው የመጣው። የሰንሰሩ ገመድ ከፓምፑ 220 ቮልት ጋር በአንድ ኮንዲዩት ውስጥ ነበር የሄደው! ለመለየት የሰንሰሩን ገመድ ከቦርዱ ንቀሉና የውስጡን ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስበውን ሬዚስተር) አብርታችሁ ፓምፑን አስነሱ፦ ቆጠራው ከቆመ ገመዱ ነው አንቴና የሆነው፣ ከቀጠለ ፓወር ሰፕላያችሁን እዩ። የውስጡ ፑልአፕ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ነው፣ ለረጅም ገመድ አቅም የለውም። 4.7 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት፣ ከፒኑ ፊት 1 ኪሎ ኦም በሲሪየስ፣ ፒኑ ስር 100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ፣ ገመዱን ደግሞ ለብቻው አውጡ። ሞጁል የሌለው ባዶ ሪሌይ ከሆነ ኮይሉ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ መስመሯ ወደ ፖዘቲቭ፣ ገልብጣችሁ ከገጠማችሁ ትራንዚስተሩን ትሸኙታላችሁ። 220ውን ሳታጠፉ እጃችሁን አታስገቡ። እና እባካችሁ ይሄን ሁሉ በላላ ብሬድቦርድ ላይ ሰክታችሁ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፣ ብየዱት።

ቦርዱ ሲነሳ አንድ ብቻ ትርፍ ከቆጠረ ቀድሞ የተነሳ ፍላግ (ኢንተራፕት መጥቷል የሚል ምልክት) ነው፦ ኖ ኢንተራፕትስ፣ አታች፣ ኢአይኤፍአር (ፍላጎቹ ያሉበት ሬጂስተር) ውስጥ የፒናችሁ ቢት ላይ 1 ጻፉ (አዎ የሚጠፋው 1 ሲጻፍበት ነው)፣ ከዛ ኢንተራፕትስ።