ፓስፖርት ሲያልፍበት፦ ጊዜያዊው ፈቃድ ለማን ነው?

በኮሮና ወቅት የኤምባሲ ቀጠሮ ሲጠፋ፣ አሜሪካ ፓስፖርታቸው ውጭ አገር እያሉ ያለፈባቸው ዜጎቿ በአውሮፕላን እንዲመለሱ ፈቅዳ ነበር። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ተጀመረ። ተራዝሞ ተራዝሞ ጁን 30 ቀን 2022 አበቃ። ዛሬ አይሠራም።

እንዲህ ያለው ነገር ነገም ሊመጣ ይችላል። ወሬው ግን "ተፈቀደ" ብሎ ያቆማል፤ ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያኔ ፓስፖርቱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ ያለፈበት መሆን ነበረበት። ያልተቀደደ፣ ያልተበላሸና በእጅ ያለ መሆንም ነበረበት። ጉዞው ወደ አሜሪካ ብቻ ነበር፤ መንገድ ላይ ለአጭር ጊዜ ትራንዚት ማድረግ ይቻል ነበር። ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ ለሚመጣ ምንም አይፈይድም ነበር። ግሪን ካርድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዘውንም አይመለከትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የፓስፖርት ማመልከቻ ሲከማች የወጣው ፈቃድ ደግሞ ለካናዳ፣ ለሜክሲኮ፣ ለካሪቢያንና ለቤርሙዳ በረራዎች ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከዘመድ የደረሳችሁን መልእክት አትመኑ። የመንግሥትን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ፣ አትማችሁም ያዙ። ቲኬት የሚያየው ሠራተኛ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያጠብቀው፤ ሰነድ የጎደለው መንገደኛ የጫነ አየር መንገድ ይቀጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የልጆች ጉዳይ ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጥ የአሜሪካ ፓስፖርት 5 ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ የወላጆቹ ግን 10። ብዙ ሰው የራሱን አይቶ የልጁን ይረሳል። እናት ልጆቹን አያታቸው ጋ ለማክረም ይዛ ትሄዳለች፣ አባት ቨርጂኒያ ሥራ ላይ ይቀራል። የልጁ ፓስፖርት አዲስ አበባ ላይ ካለፈበት በፖስታ አይታደስም። ልጁ ራሱ ኤምባሲ ይቀርባል፣ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ይጠየቃል። የቀረው ወላጅ ዲኤስ 3053 የተባለውን ቅጽ ኖተሪ ፊት ፈርሞ ከመታወቂያው ኮፒ ጋር መላክ አለበት። ቅጹ ከተፈረመ 3 ወር ካለፈው አይቀበሉትም።

ጉዞው የሚያጣድፍ ከሆነ ኤምባሲው ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል የአስቸኳይ ፓስፖርት ሊሰጥ ይችላል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ያላችሁም አትዘናጉ። ካርዱ ከቪዛ ነጻ ያደርጋችኋል እንጂ ያለፈበትን ፓስፖርት አይተካም። በኢ-ቪዛ የምትገቡ ደግሞ ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቤተሰቡን ፓስፖርት ሁሉ አውጥታችሁ ቀኑን እዩ፤ ከልጆቹ ጀምሩ።