የአትክልቱ ጥቅም ከውኃው ጋር እንዳይደፋ

አትክልት ለጤና እንደሚጠቅም የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ብዙዎቻችን የማንጠይቀው ግን በአትክልቱ ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር ምን ያህሉ ወደ ሰውነታችን እንደሚገባ ነው። አንድ ዓይነት ጥቅል ጎመን በአንዱ ቤት በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ ውኃው ቢደፋ፣ በሌላው ቤት ደግሞ በእንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ ቢበስል፣ ሁለቱ ተመጋቢዎች የሚያገኙት እኩል አይሆንም።

ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት ንጥረ ነገሮቹ የሚሟሙበት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ቫይታሚን ሲና ከቫይታሚን ቢ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፎሌት በውኃ ስለሚሟሙ ወደ መቀቀያው ውኃ ይወጣሉ፤ ሙቀትም ይጎዳቸዋል። በአንጻሩ ካሮትንና ዱባን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን እንዲሁም በአረንጓዴ ቅጠሎች የሚገኘው ቫይታሚን ኬ የሚሟሙት በስብ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹን በጥቂት ውኃና በአጭር ጊዜ ማብሰል፣ ሁለተኛዎቹን ደግሞ ከጥቂት ዘይት ጋር መመገብ ይገባል። አትክልቱን ማጠብም ቢሆን ከመክተፍ በፊት እንጂ በኋላ መሆን የለበትም፤ የተከተፈ ነገር ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ከቆሻሻው ጋር ቫይታሚኑም ይሄዳል።

ካሮት ከጥሬው ይልቅ በስሎ ሲበላ ቤታ ካሮቲኑን በተሻለ ሁኔታ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ጠንካራውን የሕዋስ ግድግዳ ያላላዋልና። ሰውነታችን ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው በሚያስፈልገው መጠን ነው፤ የቫይታሚኑ እጥረት ዳፍንትን ያስከትላል። ይህ ማለት ግን ካሮት መነጽር ያስጥላል ማለት አይደለም፤ እጥረት የሌለበትን ሰው እይታ ከነበረው አያሻሽለውም። ቲማቲምም እንዲሁ ነው፤ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በዘይት ሲበስል ይበልጥ ለሰውነት ይመቻል፣ ቫይታሚን ሲው ግን ይቀንሳል። አንዱን መርጦ ሌላውን ከመተው አንድ ቀን በሰላጣ፣ ሌላ ቀን በሱጎ ማቅረብ የተሻለ ነው።

ቫይታሚን ሲን በተመለከተ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ብርቱካንን ነው፤ ይሁን እንጂ ቀይ ጣፋጭ ቃሪያ በእኩል ክብደት ከብርቱካን በእጥፍ የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ አለው። በ1937 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሀንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ለምርምሩ የሚበቃውን ያህል ቫይታሚን ሲ ያገኘው ከቃሪያ ነበር። 100 ግራም ያህሉን በጥሬው የበላ አዋቂ የዕለት ፍላጎቱን አሟልቶ ይተርፈዋል።

ከሁሉም በላይ ማስተዋል የሚጠይቁት ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው። ስፒናች ብረትና ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ውሕድ ካልሲየሙን አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነት የሚወስደው 5 ከመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ኦክሳሌቱ አነስተኛ የሆነ እንደ ኬል ያለ ቅጠል ጎመን በዚህ ረገድ እጅግ ይበልጠዋል። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረትም በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ አይደለም። ቅጠሉ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም አብሮ ጥሬ ቲማቲም መብላት ያግዘዋል፤ ከማዕድ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ያደናቅፈዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበጃል። ቅጠላ ቅጠሎች የፎሌት ምንጭም ናቸው፤ ሆኖም ለማርገዝ ለምታስብ ሴት የሚመከረውን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ (በፋብሪካ የሚዘጋጅ ፎሌት) በኪኒን መውሰድን አይተኩም።

ነጭ ሽንኩርትና ብሮኮሊ የሚጠይቁት ትዕግሥት ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲፈጭ ወይም ሲቀጠቀጥ በውስጡ ያለው ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አሊሲን የተባለውን ውሕድ ይፈጥራል፤ ወዲያው ትኩስ ዘይት ውስጥ ከገባ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይሞታል። ስለዚህ ከቀጠቀጡት በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ብሮኮሊም ተከትፎ ጥቂት ቢቆይ በተመሳሳይ ምክንያት ይጠቀማል።

ድንች በፖታሲየም የበለጸገ ሲሆን ከነልጣጩ ቢቀቀል የሚያጣው ያንሳል። አረንጓዴ የሆነውንና መራራውን ግን መጣል ይገባል፤ ሶላኒን የተባለው መርዝ በተለመደው የማብሰል ሙቀት አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መመገብን ሲመክር ድንችን እንደማይቆጥረውም መታወቅ አለበት። ቀይ ሥር በያዘው ናይትሬት የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ከበሉት በኋላ ሽንት ቢቀላ በአብዛኛው ቀለሙ ነውና አያስደንግጥ።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ቅጠል መተው አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ የሚበላውን መጠን ከሳምንት ሳምንት ሳይለዋውጥ መያዝና ለውጥ ሲያስብ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ፖታሲየም እንዲቀንስ በሐኪም የታዘዘ የኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ እስካሁን ያልነውን ይገለብጣል። እርሱ ድንቹን ልጦ፣ በትንንሹ ከትፎ፣ በብዙ ውኃ ይቀቅላል፤ ውኃውንም ይደፋዋል።