የዓሣ ኩሬዎችን የበሽታ ሥጋት በካርታ ማሳየት፦ ከሳልሞን እርባታ ልምድ ወደ ቆጋ

ይህ መመሪያ በጎጃም፣ በተለይም በቆጋ መስኖና በጣና ዙሪያ፣ የዓሣ ኩሬዎችን ለሚከታተሉ የወረዳ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ዘዴው የተወሰደው ከሳልሞን እርባታ ነው። በቺሊ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የታየው የሳልሞን ተላላፊ ደም ማነስ የተባለው የቫይረስ በሽታ ከእርባታ ጣቢያ ወደ ጣቢያ ተዛምቶ ኢንዱስትሪውን ክፉኛ ጎድቶታል። ኖርዌይ ደግሞ የባሕር ዳርቻዋን በ13 የምርት ቀጣናዎች ከፍላ፣ የሳልሞን ቅማል በዱር ሳልሞን ላይ የሚያደርሰውን ጫና በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ትለያለች።

በቅድሚያ የእያንዳንዱን ኩሬ ቦታ በጂፒኤስ ይመዝግቡ። ከዚያም የዓሣውን ዝርያ (ቆሮሶ ወይም አምባዛ)፣ ብዛቱን፣ በየሳምንቱ የሞተውን፣ ውኃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦይ፣ እንዲሁም የዓሣ ጫጩቱ የመጣበትን ቦታ ይጻፉ። ብዙዎች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ነው፤ ነገር ግን በአንድ መኪና የተጓጓዙ ጫጩቶች እጅግ የተራራቁ ሁለት ኩሬዎችን በበሽታ ሊያገናኙ ስለሚችሉ፣ ይህንን ግንኙነት በካርታው ላይ በተለየ መስመር ማሳየት ግድ ነው።

ዋናው ጉዳይ ርቀት ነው። ለሳልሞን ርቀቱ የሚለካው በየብስ ላይ ቀጥታ ሳይሆን በባሕሩ መንገድ ነው። በቆጋ ቦዮች ግን ውኃው የሚፈስሰው ወደ አንድ አቅጣጫ በመሆኑ፣ የታችኛው ኩሬ ከላይኛው በሽታ ይቀበላል፤ የላይኛው ግን ከታችኛው በውኃ በኩል አይቀበልም፤ መረብ፣ ባልዲና ቦቲ ጫማ ካላደረሱበት በስተቀር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኩሬ ከበላዩ ያሉትን የታመሙ ዓሦች ብዛት በርቀታቸው ልክ እየቀነሱ ይደምሩ። ለምሳሌ በየኪሎ ሜትሩ በግማሽ ይቀንሳል ብለን ብንጀምር፣ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉ 1,000 የታመሙ ዓሦች እንደ 500፣ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉት ደግሞ እንደ 250 ይቆጠራሉ። ግማሽ የሚለው መነሻ ግምት ብቻ ነው። ከዚያም ድምሩ ዝቅተኛ የሆነውን ኩሬ በካርታው ላይ አረንጓዴ፣ መካከለኛውን ቢጫ፣ ከፍተኛውን ቀይ ይቀቡ።

በክረምት ጎርፍ በበጋ የማይገናኙ ኩሬዎችን ስለሚያገናኝ ለሁለቱ ወቅቶች የተለያየ ካርታ ያዘጋጁ። መረጃ ያልተገኘለትን ኩሬ ግን ፈጽሞ አረንጓዴ አይቀቡት፤ ግራጫ ይሁን፤ ያልተመረመረ ኩሬ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያመጣልና።

በመጨረሻም በየወሩ የሞት መዝገቡን ከካርታው ጋር ያስተያዩ። ሞት የበዛባቸው ኩሬዎች ቀይ ካልነበሩ የርቀቱን ግምት ያስተካክሉ ወይም ያልተመዘገበ የጫጩት ዝውውር እንዳለ ይጠይቁ። የጉብኝት ቅደም ተከተልም ከካርታው ይውጣ፤ አስቀድመው አረንጓዴዎቹን፣ በመጨረሻ ቀዮቹን ይጎብኙ፤ በየመካከሉም ጫማና መረብ ይጠቡ፣ በፀሐይም በደንብ ያድርቁ።