የሩቅ አገር የውስጥ ራዲዮዎችን ከጎጃም ሆኖ በአጭር ሞገድ እንዴት ማዳመጥ ይቻላል

በጎጃም አጭር ሞገድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ ብዙ ቤቶች ራዲዮው ማታ ማታ በባትሪ ድንጋይ ተከፍቶ፣ የጀርመን ድምፅ ወይም የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት እስኪገባ ድረስ መፈለጊያው በጣት ሲዞር ኖሯል። እነዚያ ሥርጭቶች ግን ታስቦባቸው ወደ እኛ የተላኩ ናቸው፤ ቋንቋው የእኛ ነው፣ ሰዓቱ እኛ ቤት በምንገባበት ልክ የተመረጠ ነው፣ አንቴናውም ወደ እኛ የዞረ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሌላ ዓይነት ማዳመጥን ነው፤ ለገዛ ሕዝባቸው ብቻ የሚናገሩ፣ ጎጃም ውስጥ ሰሚ ይኖረናል ብለው ያላሰቡ የውጭ አገር የውስጥ ራዲዮዎችን ፈልጎ ማግኘትን። ነገሩ ጎረቤት ከቤተሰቡ ጋር ሲጫወት በአጥር ማዶ ሆኖ እንደ መስማት ነው፤ ነውርነቱ ግን የለበትም።

እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ለምን አጭር ሞገድን እንደሚመርጡ መረዳት ፍለጋውን ያቀልላል። ግዛታቸው ሰፊ የሆነ ወይም ተራራና ደን የሚበዛባቸው አገሮች በየወረዳው የኤፍኤም ማሰራጫ መትከል ይከብዳቸዋል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ መካከለኛው ሞገድ በመብረቅ ሁካታ ይታወካል። ስለዚህ ድምፁን ወደ ሰማይ ልከው አዮኖስፌር ከተባለው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ በአገራቸው ላይ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ከዚያ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ታዲያ በድንበር ላይ አይቆምም፤ በአንድ ንጥረት ብቻ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲነጥር ደግሞ ውቅያኖስ ይሻገራል። ቀን ቀን የአዮኖስፌር የታችኛው ንጣፍ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን (በራዲዮው መፈለጊያ ላይ በኪሎ ኸርዝ ከሚነበቡት ቁጥሮች ዝቅ ያሉትን) ውጦ ያስቀራቸዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ይህ ንጣፍ ስለሚከስም መንገዱ ይከፈትላቸዋል። በጥቅሉ ቀን ከ11,000 ኪሎ ኸርዝ በላይ፣ ማታና ሌሊት ደግሞ ከ10,000 በታች መፈለግ ያዋጣል፤ ይህ ደንብ የራሱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም ለጀማሪ በቂ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ማስላት

ብዙ ጀማሪዎች ውድ ራዲዮ በመግዛት ይጀምራሉ። እኔ ግን ከመሣሪያው በፊት ሰዓቱን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም በትክክለኛው ሰዓት የተከፈተ ርካሽ ራዲዮ ያለ ሰዓቱ ከተከፈተ ውድ ራዲዮ የበለጠ ይሰማልና። የጣቢያዎች ዝርዝር በመላው ዓለም የሚጻፈው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን፣ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን እንቆጥራለን። ስሌቱ ቀላል ነው። በቀኑ ሰዓት ላይ 3 ይደምሩ፤ በማታውና በሌሊቱ ሰዓት ላይ 15 ይደምሩ፤ 12 ሰዓትን እንደ ዜሮ ይቁጠሩ፤ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱለት። ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 6:00 ዩቲሲ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 18:00 ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 26 ይሆንና 2:00 ላይ ይመለሳል። የዓለም አቀፉ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

እኔ የመጀመሪያውን ወር ማስታወሻዬን «3 ሰዓት» እያልኩ፣ ጠዋት ይሁን ማታ ሳልለይ ሞልቼው ነበር። በኋላ ከዝርዝር ጋር ላመሳክረው ስሞክር አብዛኛው የማይረባ ሆኖ አገኘሁት።

ራዲዮው

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ድግግሞሽን በቁጥር የሚያሳይ ራዲዮ ነው። የአጭር ሞገድ ሥርጭቶች በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት የተደረደሩ በመሆናቸው፣ መስመርና መርፌ ባለው ራዲዮ ላይ አንዱን ከአንዱ መለየት አድካሚ ነው፤ ቁጥር የሚያሳየው ላይ ግን 4905ን ከ4910 ለመለየት ዓይን ይበቃል። እንደ ቴክሰን ፒኤል-330 ያሉ በእጅ የሚያዙ ራዲዮዎች ለጀማሪ ብቻ ሳይሆን ለቆየውም ይበቃሉ። ኤስኤስቢ የሚባለው ክፍል ያለው ራዲዮ ከተገኘ ይመረጥ፤ የደከመ ጣቢያ ንግግሩ ከመሰማቱ በፊት በዚህ ክፍል ቀጭን ፉጨት ሆኖ ስለሚገኝ፣ «እዚህ ቦታ አንድ ነገር አለ» የሚል ምልክት ይሰጣል። በድምፅ ማጉያው ፋንታ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ፤ በተለይ ሌሊት፣ ለቤተሰብ ሰላም ሲባልም።

ጸጥታ ያለበትን ቦታ መፈለግ

የሚበዛው ትግል ከርቀት ጋር ሳይሆን ከገዛ ቤት ጋር ነው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ ቴሌቪዥን፣ የሶላር ባትሪ መቆጣጠሪያ፣ እነዚህ ሁሉ አጭር ሞገድን በሚያጉረመርም ጩኸት ይሞሉታል። ስለዚህ ራዲዮውን በባትሪ ያሠሩት፤ ከዚያም በቤት ውስጥ ያለውን መሣሪያ አንድ በአንድ እየነቀሉ ጩኸቱ መቼ እንደሚቀንስ ያዳምጡ። የቆርቆሮ ክዳን ደግሞ ሞገዱን ስለሚጋርድ በቤት መሐል ከመቀመጥ በመስኮት ዳር፣ ከዚያም ይልቅ በጓሮ መቀመጥ ይሻላል። የደብረ ማርቆስ ሌሊት ብርድ ጋቢ የሚያስደርብ ቢሆንም ከጓሮው የሚገኘው ጥቅም ብርዱን ያስረሳል።

መብራት የሚጠፋበት ምሽት ለዚህ ሥራ የተለየ ጊዜ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ጩኸቱም አብሮ ይጠፋል፤ ትናንት የሌሉ የመሰሉ ጣቢያዎች ከየቦታው ብቅ ይላሉ። መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ሲያዝን ራዲዮውን ይዞ ወደ ጓሮ የሚሮጥ ጎረቤት ካለዎት ምክንያቱ ይህ ነው።

አንቴናውን መዘርጋት

ተስቦ የሚረዝመው የራዲዮው ዘንግ ለኃይለኛ ጣቢያዎች ይበቃል፤ ለውስጥ ራዲዮዎች ግን ሽቦ መጨመር ያስፈልጋል። 10 ሜትር ያህል ልባስ ያለው የመዳብ ሽቦ ይውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ በናይለን ገመድ ከባሕር ዛፍ ወይም ከአጥር ምሰሶ ላይ ያንጠልጥሉ፤ ሌላኛውን ጫፍ ልባሱን ልጠው በብረት ቆንጣጭ ከራዲዮው ዘንግ ጋር ያያይዙ። ሽቦው ከኤሌክትሪክ መስመር መራቅ አለበት፤ ይህ ለጸጥታ ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም ነው። ከ20 ሜትር በላይ ማርዘም አይመከርም፤ ትንንሽ ራዲዮዎች ኃይለኛ ሞገድ ሲበዛባቸው ግራ ይጋባሉና፣ አንድ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ሁሉ ሲናገር ይሰማል። እንዲህ ሲሆን ሽቦውን ያሳጥሩ ወይም በራዲዮው ላይ ያለውን የሞገድ መቀነሻ ይጠቀሙ።

የጎጃም ክረምት መብረቅ የሚበዛበት ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ሳይሆን ገና ደመና ሲሰበሰብ ሽቦውን ከራዲዮው ነቅለው ወደ ውጭ ያውጡት፤ ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ሽቦውን ለመንቀል መሄድ ዘግይቷል።

በየትኛው ሰዓት ምን መፈለግ እንደሚገባ

ልምምዱን በቅርብ አገር ካለ ጣቢያ ይጀምሩ። ራዲዮ ሐርጌሳ በ7120 ኪሎ ኸርዝ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከደብረ ማርቆስ ያለው ርቀት በቀጥታ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚሰማው ምሽት ላይ በሶማልኛ ነው። ድግግሞሹ በእኛ ክፍለ ዓለም ለአማተር ራዲዮ ሰዎች፣ ማለትም ለፍቅሩ ሲሉ በራዲዮ እርስ በርስ ለሚነጋገሩ፣ በተመደበው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንዳንድ ጊዜ ከዘፈኑ ሥር በአጭርና በረጅም ድምፅ መልእክት የሚላክበት የሞርስ ድምፅ ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል፤ በራዲዮዎ ላይ ብልሽት ያለ አይምሰልዎ።

ሁለተኛው የዛንዚባር ራዲዮ ነው፤ የሚታወቀው በ11735 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን፣ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ርቆ በስዋሂሊ ይናገራል፤ ታራብ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ሙዚቃም ያሰማል። ይህን ጣቢያ ለጎጃም አድማጭ የምመርጠው በአንድ ልዩ ምክንያት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋትና ከምሽት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ የሰዓት ክልላቸውም ከእኛ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ተናጋሪው «ሳ ታቱ ኡሲኩ» ሲል በእጅዎ ላይ ያለው ሰዓት በትክክል ከምሽቱ 3 ይላል። አስተዋዋቂው ሰዓት ሲናገር ያለ ስሌት መረዳት በዚህ ሥራ ላይ ብርቅ ነው።

ከዚያ ወደ 60 ሜትር ባንድ ይውረዱ፤ ከ4750 እስከ 5060 ኪሎ ኸርዝ ያለው ይህ ክልል በምድር ወገብ አካባቢ ላሉ አገሮች የውስጥ ሥርጭት የተመደበ ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች የላሳ ጣቢያ ለቲቤት ሕዝብ የሚያስተላልፈው የቲቤትኛ ሥርጭት በ4905 እና በ4920 ላይ ይሰማል፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ንግግር ካለ በትክክል ተገኝቷል ማለት ነው። ቻይንኛ በየባንዱ መሰማቱ ግን አያስደንቅዎ፤ የቻይና ብሔራዊ ራዲዮ የመጀመሪያ ፕሮግራም የሌሎችን ሥርጭት ለመሸፈንም ስለሚውል፣ በአንድ ምሽት አሥር ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል። መሸ ሲል በ5995 ላይ የማሊው የባማኮ ጣቢያ በፈረንሳይኛና በባምባራ ይገባል። በ5915 የሚታወቀው የዛምቢያው የሉሳካ ጣቢያ ደግሞ መለያው የዓሣ አጥማጁ ንስር ጩኸት ነው፤ ጣና ዳር ያደገ ሰው ወፏን ከድምፅዋ ስለሚያውቃት ጣቢያውን ለመለየት ቋንቋ አያስፈልገውም።

ሌሊቱ ሲጋመስ በ11780 ኪሎ ኸርዝ የብራዚሉን የአማዞን ብሔራዊ ራዲዮ ይፈልጉ። ማሰራጫው የሚገኝበት ብራዚሊያ ከጎጃም 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን በዚያ ገና ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሌሊት ፖርቱጋልኛውን ጣልያንኛ ነው ብዬ መዝግቤ፣ ተናጋሪው ሰዓት ሲናገር «ብራዚሊያ» ማለቱን ከሰማሁ በኋላ ሰርዤዋለሁ።

የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ድምፁ በውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ሊርገበገብ ይችላል። ይህ የሰማዩ ጠባይ እንጂ የራዲዮው ጉድለት አይደለም፤ ሌሊቱ ሲገፋ ይረጋጋል። የውስጥ ጣቢያዎች ማሰራጫቸው ሲበላሽም ለወራት ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ አንድ ድግግሞሽ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ከዝርዝሩ ሳይሰርዙ በየሳምንቱ ተመልሰው ይሞክሩት።

ጣቢያውን መለየትና መመዝገብ

ድግግሞሽ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስም የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ሰዓት ሲሞላ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መፈለግዎን አቁመው በአንድ ጣቢያ ላይ ይርጉ፤ በስልክዎም ድምፁን ይቅዱ። ያልገባዎትን ስም ደጋግመው ሲያደምጡት ይገለጣል። በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በበይነ መረብ የከፈተውን ዓይነት የርቀት ራዲዮ ለማመሳከር መጠቀም ይቻላል፤ በዚያ ብቻ የተሰማ ጣቢያ ግን በእርስዎ መዝገብ ላይ ሊገባ አይገባም፣ የሰማው የእነርሱ አንቴና ነውና።

በመዝገቡ ላይ ቀኑን፣ የዩቲሲ ሰዓቱን፣ ድግግሞሹን፣ ቋንቋውንና የሰሙትን ነገር ይጻፉ። የድምፁን ጥራት ለመግለጽ ሲንፖ የሚባል የአምስት ቁጥሮች ዘዴ አለ፤ የሞገዱ ኃይል፣ የሌላ ጣቢያ መደራረብ፣ የሁካታ መጠን፣ የድምፁ መዋዠቅና አጠቃላይ ጥራት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ይሰጣቸዋል፤ 5 ከሁሉም የተሻለው ነው። 35333 ብሎ መጻፍ «በመጠኑ ደከም ያለ፣ ሌላ ጣቢያ ያልተደረበበት፣ የሚሰማ» እንደ ማለት ነው። ለራስዎ ሐቀኛ ይሁኑ፤ 2 ለሚገባው 4 መስጠት የሚጠቅመው የለም።

ከዚህ በኋላ ለጣቢያው የአቀባበል ሪፖርት መላክ ይቻላል። ቢያንስ የ20 ደቂቃ ዝርዝር፣ የተጠቀሙበትን ራዲዮና አንቴና፣ የሚገኙበትን ከተማ ይጻፉ፤ የቀዱትንም ድምፅ አያይዙ። የሚላከው «ጣቢያችሁን ሰማሁ» ብቻ ሆኖ መገኘት የለበትም፤ በየትኛው ደቂቃ ማን እንደ ዘፈነ፣ ዜናው ስለ ምን እንደ ነበር መጠቀስ አለበት፤ አለዚያ ከዝርዝር የተቀዳ ይመስላል። ጣቢያው ከተቀበለው ኪውኤስኤል የሚባል ማረጋገጫ ካርድ ወይም ደብዳቤ ይልካል። ለውጭ አድማጭ የሚሠሩ ትልልቅ ጣቢያዎች ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ አላቸው፤ የውስጥ ራዲዮዎች ግን ደብዳቤውን የሚያነብላቸው ምናልባት አንድ ቴክኒሻን ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጭር ይሁን፤ ቢቻል በእነርሱ ቋንቋ አንድ የሰላምታ መስመር ይኑረው፤ ስድስት ወር ጠብቀው መልስ ካልመጣ በሌላ ምሽት በቀዱት አዲስ ድምፅ እንደገና ይላኩት።