ለጀማሪ የብስክሌት ጎማ ገጣጣሚ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች እንዴት ይመረጣሉ?

ሞዞውን (የጎማውን መሀል)፣ ቸርኬውን (ዙሪያውን ያለውን ክብ) እና ራጂዎቹን (ሁለቱን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ሽቦዎች) ለየብቻ ገዝቶ ጎማውን በቤቱ መገጣጠም የሚፈልግ ጀማሪ፣ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያፈሰው ዓይን በሚሞላው ትልቅ የማቃኛ ማቆሚያ፣ ማለትም ጎማው ሲቃና በሚይዘው መሣሪያ ላይ ነው። በእኔ ግምት ግን ማቆሚያው መጨረሻ ላይ ቢገዛ ምንም አይጎድልም።

በመጀመሪያ የራጂ ቁልፍ ይምረጡ። ራጂውን ከቸርኬው ጋር የሚያያዘው ኒፕል የተባለው ትንሽ ዳዶ መጠኑ የተለያየ ሲሆን፣ የተለመዱት ቁልፎች 3.23፣ 3.30 እና 3.45 ሚሊ ሜትር ናቸው። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም፣ ራጂው እየተወጠረ ሲሄድ ጥቂት የሚሰፋ ቁልፍ የኒፕሉን ማዕዘን ስለሚበላው ኒፕሉ መዞር ያቆማል። ስለዚህ ኒፕሉን አስቀድመው ይግዙና ቁልፉን በእሱ ይለኩ፤ ብዙ መጠን በአንድ ላይ የያዘውን ክብ ቁልፍ ግን ለመንገድ ጥገና ይተዉት።

ቀጥሎ በሚሊ ሜትር የተከፈለ የብረት ማስመሪያ ያስፈልጋል። የራጂ ርዝመት የሚለካው ከታጠፈው አንገቱ ውስጠኛ ጎን እስከ ጥርሱ ጫፍ ነው።

ኒፕሎቹን መጀመሪያ ለማሰር ጫፉ ጠፍጣፋና ጠባብ የሆነ ካቻቢቴ ይበቃል። መካከሉ ላይ ሹል ጫፍ ያለው ልዩ ማሰሪያ ቢያገኙ ግን ይመረጣል፤ ሹሉ የራጂውን ጫፍ ሲነካ ማሰሪያው ከኒፕሉ ስለሚላቀቅ፣ ሁሉም ኒፕሎች እኩል ገብተው ሥራው ከጅምሩ የተስተካከለ ይሆናል።

ለማቃናት ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን በፎርኬላው (ጎማውን በሚይዘው ሹካ) ላይ ይሰሩ፤ በፎርኬላው ግራና ቀኝ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠግተው ቢቆርጡት፣ ቸርኬው ወደ ጎን የሚዛነፍበትን ቦታ በግልጽ ያሳያል። ቸርኬው መሀል ላይ መሆኑን ለማወቅም ጎማውን አውጥተው ግራውን ወደ ቀኝ አዙረው ይመልሱት፤ ቸርኬው ቦታውን ከለቀቀ መስተካከል ያለበት የሚታየው ልዩነት ግማሽ ነው።

ከቁልፉ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው የውጥረት መለኪያው ነው። ራጂዎቹን በጣት እየመቱ ድምፃቸውን ማወዳደር በአንድ ጎን ያሉት እኩል መወጠራቸውን ይነግራል፤ ውጥረቱ በቂ መሆኑን ወይም ቸርኬው ከሚችለው ማለፉን ግን ጀማሪ ጆሮ አይለይም። ብዙ ቸርኬዎች የሚፈቅዱት ከፍተኛ ውጥረት ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ኃይል አካባቢ ቢሆንም፣ ወሳኙ የቸርኬው አምራች የሰጠው ቁጥር ነው። በኋላ ጎማ ላይ ማርሾቹ ቦታ ስለሚይዙ የቀኙ ራጂዎች ከግራዎቹ ይበልጥ ይወጠራሉ፤ ይህ ጉድለት አይደለም። የመለኪያው ንባብ በራጂው ውፍረት ስለሚለያይ፣ ለምሳሌ 2.0 እና 1.8 ሚሊ ሜትር ራጂዎች በእኩል ውጥረት የተለያየ ቁጥር ስለሚያሳዩ፣ አብሮት የሚመጣው ሰንጠረዥ የእርስዎን ራጂ መያዙን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።