ለሳይንስ ትምህርት እውቅና ከማመልከታችሁ በፊት

ለእውቅና የሚዘጋጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ጉልበቱን የሚጨርሰው ፎቶ በማንሳትና ግድግዳ በፖስተር በመሙላት ነው። ፎቶ ልጆቹ ዕቃ መንካታቸውን እንጂ ምን እንደገባቸው አይናገርም።

መመዘኛውን አስቀድማችሁ አንብቡና ሥራውን የሚመራ አስተባባሪ መምህር መድቡ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ቀንሱለት፤ አለዚያ ዕቅዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከየክፍሉ አምስት ስድስት ደብተር ሰብስቦ ያገላብጥ። የሁሉም ልጅ መደምደሚያ ቃል በቃል አንድ ከሆነ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበትም እሱ ነው።

ለመነሻ ፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ዕቃ፣ ይበቃል፤ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ለአራት ልጆች አንድ ሜትር ተኩል ክር፣ ማስመሪያ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ስጡ፤ አንዱን ውሃ፣ ሌላውን አሸዋ ሙሉበት። «ፈጥኖ እንዲወዛወዝ ምን እንቀይር?» ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ከነቀኑ ይጻፍ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ የ10 ደርሶ መልስ ጊዜ ለክተው ለ10 ያካፍሉ። ርዝመቱ 25 ሴንቲሜትር ሲሆን አንዱ ደርሶ መልስ 1 ሰከንድ ገደማ፣ 1 ሜትር ሲሆን 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ክብደቱ ለውጥ አያመጣም።

ውጤቱን የሚያበላሹት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ልጆች ጠርሙሱን ሲለቁ «አንድ» ብለው ከጀመሩ 10 ያሉት 9 ይሆናል፤ ሲለቁ «ዜሮ» ይበሉ። ርዝመቱ የሚለካው እስከ ቋጠሮው ሳይሆን እስከ ጠርሙሱ መሃል ነው። ክሩን በእጅ አይያዙ፤ እጅ አብሮ ይወዛወዛል። ከማይነቃነቅ ነገር ላይ ይታሰር። ጠርሙሱን ወደ ጎን ብዙ አርቆ መልቀቅም ጊዜውን ያስረዝማል፤ 1 ሜትር ክር ላይ ከ20 ሴንቲሜትር፣ 25ቱ ላይ ከ5 ባይበልጥ ጥሩ ነው።

የቡድኖች ውጤት ሲለያይ መምህሩ መልሱን ለመናገር ይቸኩላል። አይቸኩል፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው። ማን እንዴት እንደለካ ይነጋገሩና እንደገና ይለኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሳታስጠነቅቁ ድገሙት። የጎበዝ፣ የመካከለኛና ድጋፍ የሚሻ ልጅ የመጀመሪያውንና የአሁኑን ገጽ ጎን ለጎን የእውቅናው ፋይል ውስጥ አስገቡ፤ ከሥር መምህሩ ምን እንደተለወጠና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ በሁለት መስመር ይጻፍ። አሁንም «ከባዱ ይፈጥናል» ያለ ልጅ ካለ ገጹን አትደብቁ፤ ለእሱ የታሰበውን ቀጣይ ሙከራ አያይዙበት።