ካሜራ ብቻ ይዞ መንፈስ ፊት መቆም፦ የ«ፌታል ፍሬም» ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሽጉጥ የለም። ጎራዴ የለም። እጃችሁ ላይ ያለው አንድ አሮጌ ካሜራ ብቻ ነው። በታሪኩ መሠረት ካሜራውን የሠራው ዶክተር አሶ የተባለ ተመራማሪ ነው፤ መናፍስትን ፎቶ እያነሳችሁ ታዳክማላችሁ። ይህን አስፈሪ የቪዲዮ ጌም ቴክሞ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 አወጣው። ጃፓን ውስጥ «ዜሮ»፣ አሜሪካ «ፌታል ፍሬም»፣ አውሮፓ ደግሞ «ፕሮጀክት ዜሮ» ይባላል። ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ ሦስቱንም ስም ሞክሩ።

እዚህ በብዛት የማወራው በ2003 ስለወጣው ሁለተኛው ክፍል፣ ስለ «ክሪምሰን በተርፍላይ» ነው። ሚዮ እና ማዩ የተባሉ መንትያ እህትማማቾች ከካርታ ላይ በጠፋ መንደር ውስጥ ይታሰራሉ። ለእኔ ከሁሉም ክፍል የሚያስፈራው ይሄ ነው።

መንፈሱ ገና ሩቅ ሳለ ማንሳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹን ሁሉ ብትረሱ ይሄን ያዙ።

ሌላ አስፈሪ ጌም የለመደ ሰው ጠላት ሲያይ እጁ ይቸኩላል። መንፈሱ ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ሲል ቀጭ ያደርጋል። የካሜራው ፊልም ይባክናል፣ መንፈሱ ግን ምንም አልሆነ፣ መምጣቱን ይቀጥላል። ጉዳቱ የሚበዛው መንፈሱን በካሜራው ውስጥ በሚታየው ክብ ይዛችሁ ስትቆዩ ነው፤ በቆያችሁ ቁጥር ኃይል ይጠራቀማል። ከክቡ ካመለጠ የተጠራቀመው ይቀንሳል። ቅርበቱም ጉዳቱን ይጨምራል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የመጨረሻዋ ቅጽበት ናት። መንፈሱ እጁን ዘርግቶ ሊይዛችሁ ሲል ካሜራው ላይ ቀይ ምልክት ይበራል። ይህች ምት ራሷ «ፌታል ፍሬም» ትባላለች። ያኔ ካነሳችሁ ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል፣ መንፈሱም ወደ ኋላ ይወረወራል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ቶሎ ከደገማችሁ ምቱን ማያያዝ ትችላላችሁ።

መንደሩ ውስጥ ባለው ኦሳካ ቤት የምትገጥማችሁን ሚያኮን እንይ። የጠፋ ፍቅረኛዋን ፍለጋ መጥታ እዚያው የቀረች ሴት ናት። ቀስ ብላ ትመጣለች፣ ትጠፋለች፣ ከጎን ብቅ ትላለች። ፊቷ ስክሪኑን ሲሞላው ጣታችሁ «አሁን! አሁን!» ይላል። አትስሙት። ቀዩን ጠብቁ። መጀመሪያ አካባቢ ትያዛላችሁ፣ ጤና ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ጊዜውን የምትለምዱት እንዲህ ነው። በሷ ላይ ያልለመደ ሰው በኋላ ሁለት ሦስት ሆነው ሲመጡ ይቸገራል።

ግድግዳ ተደግፎ መዋጋት

ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ብታስጠጉ ከኋላ የሚመጣ የለም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። መንፈስ ነው እኮ! ግድግዳው ውስጥ ያልፋል። ጠባብ ጥግ የሚዘጋው የእናንተን መንገድ ብቻ ነው። በካሜራው እያያችሁ ስትራመዱ ደግሞ በጣም ትዘገያላችሁ። ስለዚህ መንፈሱ ሲጠፋ ካሜራውን አውርዱ፣ ሮጣችሁ ሰፊ ቦታ ያዙ፣ ከዚያ መልሳችሁ አንሱት። ከስክሪኑ ዳር ያለው ጠቋሚ በየት በኩል እንደሚመጣ ይነግራችኋል።

ድምፅ ዘግቶ መጫወትም ከዚሁ አይለይም። የእግር ኮቴ፣ ልቅሶ፣ ሹክሹክታ፣ ሁሉም መረጃ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ጫጫታ ውስጥ የሚጫወት ሰው ግማሹ ጌም አምልጦታል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

በፊልም መሰሰት

ሁለተኛው ክፍል ላይ ቁጥር 07 የሚባለው ፊልም አያልቅም፤ ግን ደካማ ነው። 14፣ 61 እና 90 እየጠነከሩ ይሄዳሉ፣ እንደ ልብም አይገኙም። ብዙ ሰው 90ውን «ለክፉ ቀን» እያለ ያስቀምጥና ጌሙ ሲያልቅ ሙሉው ቦርሳው ውስጥ ይገኛል። ተራ መንፈስን በ07 ጨርሱ፤ ስም ያለው፣ ታሪክ ያለው መንፈስ ሲመጣ ግን ጠንካራውን አውጡ። የመጀመሪያውን የ2001 ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ግን ደካማውም ስለሚያልቅ መቆጠብ ግድ ነው።

ማዩን መርሳት

ማዩ በልጅነቷ ወድቃ እግሯ ተጎድቷል፤ አብራችሁ መሮጥ አትችልም። መናፍስት እሷንም ያጠቃሉ፣ እሷ ከሞተች ጌሙ ያልቃል። ስትዋጉ የት እንዳለች እያያችሁ። ያናድዳል? አዎ ያናድዳል። ታሪኩ ግን የቆመው በሷ ላይ ነው።

ሁሉንም ለመግጠም መሞከር

መንደሩ ውስጥ ባለው ኩሮሳዋ ቤት ኩሳቢ የሚባል መንፈስ አለ። መጀመሪያ ስታገኙት ካሜራው ምንም አያደርገውም፤ ከነካችሁ ደግሞ አለቀ። ጀግንነት አይሠራም፣ እግሬ አውጪኝ ብቻ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ።

በተቃራኒው፣ ምንም የማያደርጉ መናፍስትም አሉ። ደረጃ ላይ ለሁለት ሰከንድ ታይታ የምትጠፋ ልጅ፣ በር ውስጥ የሚገባ ጀርባ። «አልነካኝም» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። እነሱን ማንሳት ነጥብ ይሰጣል፣ በነጥቡም ካሜራው ይሻሻላል። አንዳንዶቹ አንዴ ካመለጡ ጌሙን እንደገና እስክትጀምሩ አይመለሱም።

በእርጥብ ልብስ መዞር

ይሄኛው አምስተኛውን ክፍል፣ «ሜይደን ኦፍ ብላክ ዋተርን» ለሚጫወቱ ነው። በ2014 ለዊ ዩ ወጣ፣ በ2021 ደግሞ ለፒሲ፣ ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለስዊች መጣ፤ ስለዚህ በሱ የሚጀምር ሰው አለ። ታሪኩ የሚካሄደው ሂካሚ ተራራ ላይ ነው፤ ዝናብና ውኃ የማይለየው ቦታ። ስትረጥቡ ካሜራችሁ ይጠነክራል፤ መናፍስትም ይበዙባችኋል፣ ጉዳታቸውም ይብሳል። ጀማሪው የመጀመሪያዋን ብቻ ያይና በውኃ ውስጥ እየተንቦራጨቀ ይሄዳል። የሚያደርቅ ዕቃ አለ፣ «ፒዩሪፋይንግ ኤምበር» ይባላል። ጤናችሁ ሲቀንስ ከመድኃኒቱ በፊት እሱን ተጠቀሙ፤ እርጥብ ሆናችሁ የጠጣችሁት መድኃኒት በሚቀጥለው ምት ተመልሶ ይሄዳል።